ባሮቹን ነፃ ያወጣው ሊንከን ብቻ ነው?

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሳ ቁጥር «ሊንከን ባሮችን ነፃ አወጣ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን አባባሉ ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የወጣው አዋጅ ነፃ ያለው ባመፁት ግዛቶች የነበሩትን ነው። ያልተገነጠሉት ኬንታኪ፣ ሚዙሪ፣ ሜሪላንድና ደላዌር አልተነኩም። ታዲያ አዋጁ ባዶ ወረቀት ነበር? በፍጹም! ጥቁሮች ወደ ጦሩ እንዲገቡ በሩን በሰፊው ከፈተ፤ 180 ሺህ ያህሉም ዘመቱ። ከዚያ በፊትም ብዙዎች ከጌቶቻቸው እየጠፉ ወደ ሰሜኑ ጦር ሰፈር በመግባት፣ መንግሥት ጉዳያቸውን ችላ እንዳይል አስገድደውታል።

የሊንከን ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓላማዬ አንድነትን ማዳን ነው ይል የነበረ ሰው፣ ነፃነትን ካወጀ በኋላ ቃሉን አላጠፈም። የጦርነት አዋጅ በሰላም ጊዜ ሊሻር እንደሚችል ስለገባው፣ 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1865 መጀመሪያ በምክር ቤቱ እንዲያልፍ ወተወተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሲጸድቅ ግን እሱ ተገድሎ ነበር።

እናም መሪውን እናመስግን፤ ግን በእግራቸው ሸሽተው፣ ጠመንጃ አንስተው የታገሉትን ዝም ብለን «ነፃ የወጡ» እያልን አንለፋቸው። ነፃ አውጪዎችም ነበሩና።