እናቱን አይተን ዛፉን እንትከል

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለጋብቻ ብቻ የተነገረ ይመስለናል። እኔ ግን ለባሕር ዛፍም ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማለት ያበቃኝ የራሴ ጥፋት ነው።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ የነጭ ባሕር ዛፍ ዘር እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ረጃጅሞቹን ዛፎች መውጣት ስላቃተኝ፣ ለብቻው በአጥር ጥግ ከቆመው አጭርና ጠማማ ዛፍ፣ እጄ ከደረሰበት ቅርንጫፍ ፍሬውን ለቅሜ ሰጠኋቸው። እርሳቸውም መርቀውኝ ዘሩት፤ ችግኙንም በክረምት ተከሉት። ዘንድሮ ሲቆረጥ ግን አብዛኛው ጎባጣ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ነጋዴው ለአጣና የሚሆነውን ጥቂት መርጦ ወሰደና የቀረው ለማገዶ ዋለ። በዚያው መሬት፣ በዚያው ክረምት፣ ከጎረቤት ተገዝቶ የተተከለው ችግኝ ግን ቀጥ ብሎ አድጎ ነበር። አያቴ «መሬቱ ደክሞ ነው» አሉ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ቆሞበታል፣ ስንት ምጣድ ተጥዶበታል! ነገር ግን «ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ተለቀመ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የብራዚል ሰዎች ይህን የተማሩት በድካም ነው። ኤድሙንዶ ናቫሮ ዴ አንድራዴ የተባሉ ሰው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለባቡር ማገዶ እንዲሆን ከ100 በላይ የባሕር ዛፍ ዓይነቶች አስመጥተው ሪዮ ክላሮ በተባለ ስፍራ ተከሉ። ዓይነቶቹ ጎን ለጎን ስለ ቆሙ ተዳቀሉ፤ ከዚያ የተለቀመውም ዘር ያልተስተካከለ ደን አበቀለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ግን የአራክሩዝ ኩባንያ ባለሙያዎች ከደኑ ያማሩትን ዛፎች መርጠው ቆረጡ፤ ከጉቶው ያቆጠቆጠውንም ለጋ ቀንበጥ ሥር አስይዘው ተከሉ። ከቀንበጥ የበቀለ ዛፍ የሌላ ዛፍ ዘር አይቀላቀልበትምና ልጁ እናቱን መሰለ። ለዚህም በ1984 የማርከስ ዋለንበርግን ሽልማት ተቀበሉ።

የእኛ ነጭ ባሕር ዛፍ ቀንበጡ በቀላሉ ሥር ስለማይዝ፣ የሚቀናን ዘርን መምረጥ ነው። እናት የምትሆነው ዛፍ ከእኩዮቿ መካከል በቁመትና በቅንነት የበለጠች ትሁን። ለብቻው ከቆመ ዛፍ አንልቀም፤ በራሱ ብናኝ የተዳቀለ አበባ ደካማ ልጆች ያበዛልና። በአጠገቧ ያሉትን ጠማሞች አስቀድመን እንቁረጥ፤ አባትም ይወርሳልና። ከአንዲት እናት ብቻ መልቀምም አይበጅም፤ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ በሽታ ሁሉን ሊጨርስ ይችላል።

አንዳንዶች «ዋናው አፈርና ውሃ ነው» ይሉ ይሆናል። አፈርና ውሃ የማይጠቅም አይደለም፤ ነገር ግን መልካም አፈር ጠማማውን ዘር ወፍራም ጠማማ ያደርገዋል እንጂ አያቃናውም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በየመንደራችን ያሉትን መልካም እናት ዛፎች ምልክት እናድርግባቸው። መምህሮቻችን ምርጫውን ይምሩን፤ ወላጆቻችንም ችግኝ ሲገዙ የዘሩን እናት ይጠይቁ። እኔም ይህ መጽሔት ሲወጣ ለአያቴ አነብላቸዋለሁ፤ መሬታቸው እንዳልደከመ ያን ቀን ያውቃሉ።