«ተገኝቷል» የሚለው ውጤት ብቻውን አይበቃም

ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የጨጓራ ቁስለት መንስኤ መሆኑን በማረጋገጣቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ባክቴሪያ ወጥ ጠባይ የለውም። ካግ-ኤ የተባለውን ዘረ መል የያዘው ዝርያ ከማይዘው ይልቅ ከቁስለትና ከጨጓራ ካንሰር ጋር በይበልጥ ይዛመዳል። በሪቦሶም ዘረ መሉ ላይ የምትከሰት የአንዲት ፊደል ለውጥም ክላሪትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ከንቱ ልታደርገው ትችላለች።

በአገራችን የተለመደው የሰገራ ምርመራ የባክቴሪያውን መኖር ይነግረናል፤ ዝርያውን ግን አይለይም። ስለዚህ መድኃኒቱን ጨርሶ ሕመሙ ላልለቀቀው ሰው ያው መድኃኒት ዳግም ሊታዘዝለት፣ ጥፋቱም «በአግባቡ አልወሰድህም» ተብሎ በእርሱ ላይ ሊጣል ይችላል።

ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የዘረ መል ምርመራ ይደረግ ማለት አቅምን ያላገናዘበ ምክር ነው። ነገር ግን በኢንዶስኮፒ ከቁስለተኞች ከሚወሰደው ናሙና ከፊሉ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች በፒሲአር ቢመረመር፣ በየአካባቢው ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው ዝርያ ምን ያህል እንደተስፋፋ ይታወቃል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የሕሙማንን ቁጥር ከመቁጠር አልፈው ዝርያን ወደ መለየት ቢሸጋገሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ሐኪሙ መድኃኒት በሚያዝበት ሰዓት ይጠቅመዋል።