«የሰፈር ወሬ» ለሚሉት የተሰጠ መልስ



ባለፈው ወር በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ትንሽ ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ። ሐሳቡ ከዚህ ጋዜጣ ገጾች አንዱ ተነጥሎ በየሳምንቱ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ነዋሪ የሚጠቅም ማስታወቂያ እንዲባዛበት፣ በገበያው፣ በመናኸሪያው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጃፍም እንዲለጠፍ ነበር። የወደቀው ወረቀት ውድ ነው ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ፤ የወረቀቱን ዋጋ እኔም ዐውቀዋለሁ። ዳሩ ግን የተሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሰፈር ወሬ ማመላለሻ አይደለም፤ የተማሪ ሥራ ስለ አገርና ስለ ዓለም መከራከር ነው ተባለ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

እንግዲህ ይህ «የሰፈር ወሬ» የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንይ። ዛሬ ማታ ተረኛ የሆነው መድኃኒት ቤት የትኛው ነው? የውሃው ፈረቃ ለየትኛው ቀበሌ መቼ ነው? የሕፃናት ክትባት በየትኛው ቀን ይሰጣል? የጤና መድን ደብተር የሚታደስበት ጊዜ መቼ ያልቃል? ልደት ለማስመዝገብ ምን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል? ጤፍ ትናንት በወረታ ገበያ ስንት ዋለ? እነዚህን ወሬ ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ወይ በሌሊት የታመመ ልጅ ታቅፎ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ደጅ ወደ ሌላው ሮጦ አያውቅም፣ ወይም የሚሮጥለት ሰው አለው።

ስለ ዓለም እንከራከር የሚሉትን ጓደኞቼን አልነቅፍም፤ እኔም እከራከራለሁ። ነገር ግን ስለ ሩቅ አገር ምርጫ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲከራከር ያመሸ ተማሪ፣ በማግሥቱ ከግቢው በር ውጭ አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ ይህን ወረቀት ይዤ ወዴት ልሂድ?» ብላ ስትጠይቀው ዝም ብሎ ሲቆም አይቻለሁ። ያ ተማሪ እኔ ነበርሁ።

አሁን ጥቂት ወደ ጣራ ገዳም እንውረድ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ በጎንደር መንገድ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው፣ አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ ከበላይዋ ያን ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል። በዙሪያው ያለው ተራራ ሲራቆት ያ ደን የቆመው ገዳሙ ስላለበት ነው። ሊቃውንት መጥተው ዛፉን በየዓይነቱ ቆጥረዋል፤ ወይራው ምን ያህል ችግኝ እየተካ እንደ ሆነ መርምረዋል፤ ጥናቱም በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሟል። መልካም ነው። ደኑን ሲጠብቁ ለኖሩት መነኮሳትና ከሥሩ ለሚያርሰው የሊቦ ከምከም ገበሬ ያን ጥናት በሚያነቡት ቋንቋ ያወረደላቸው ማነው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤ ነበር፤ መልስ አላገኘሁም።

የደኑስ ይቅር፤ ዛፍ ይታገሣል። የካላዛር ነገር ግን አይታገሥም።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር መኖሩ ታወቀ። «ታወቀ» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ «ገባ» አላልሁም። በሽታው ከዚያ አስቀድሞ ሰው ሲጥል ቆይቷል። ትኩሳቱ ወባ ይመስላልና መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው እየተባለ በሽተኛው በወባ መድኃኒት ሲታከም ሰነበተ። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ነው። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን ማከሚያ ከፍቶ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2 ሺህ የሚበልጥ ሰው አከመ። ይህ ሁሉ የሆነው እዚሁ ዞናችን ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር በግማሽ ቀን መንገድ ነው።

በሽታው ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርዶ ከሚመለሰው ወጣት ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። በእነዚያ ቆላ አገሮች ካላዛር የታወቀ በሽታ ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት ታውቋል። ስለዚህ ዕውቀቱ በአገራችን ውስጥ ነበረ። ሑመራ የሚያውቀውን ግን ሊቦ አያውቅም። ሠራተኛው በየዓመቱ ይመላለሳል፤ ዕውቀቱ አይመላለስም። መናኸሪያው ላይ ወደ መተማ ለሚሳፈረው ወጣት «ከተመለስህ በኋላ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተወህ፣ ሆድህ በግራ በኩል ካበጠ፣ ወባ ነው ብለህ አትቀመጥ፤ ቆላ እንደ ነበርህ ለሐኪሙ ንገር» የምትል አንዲት ወረቀት ብትለጠፍ ኖሮ ስንት ሰው ይድን ነበር? ቁጥር አልጠራም። አንድም ቢሆን ግን ከጭብጨባው ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህም ተመራማሪዎች በዚያው አካባቢ መርምረው፣ ቀን በግራር ዛፍ ሥር መተኛትና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ለበሽታው ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል መሆናቸውን ጽፈዋል። እረኛ የሆነ ሁሉ በቀትር የሚያርፈው የት ነው? ከግራር ሥር አይደለምን? የዚያ ጥናት ፍሬ ነገር በአማርኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው መጽሔት ውስጥ ግን ከነሰንጠረዡ ተቀምጦ የሚያነበው ሌላ ተመራማሪ ነው፤ እርሱም ሌላ ጥናት ይጽፍበታል። ለገበሬው ማንም አልነገረውም ማለቴ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን በእግራቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚችሉትን ያደርጋሉ። ነገር ግን ሁለት ሴቶች በአንድ ቀበሌ ያሉትን ጎጆዎች ሁሉ ሲያዳርሱ፣ እኛ በሺህ የምንቆጠረው በየዶርሙ ተኝተን «የሰፈር ወሬ» እያልን እናፌዛለን።

ወደ ሌላው ልለፍ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን ለሙከራ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ከእነርሱ አንዱ የእኛው ፎገራ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቤተሰቡ በዓመት የተወሰነ መዋጮ ያወጣል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ከዚያ በኋላ ሲታመም ደብተሩን አሳይቶ ይታከማል። ደብተሩ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ልጇን አዝላ ከገጠር የመጣች እናት ደብተሯ ጊዜው አልፎበታል ተባለች። «መቼ ነው የተነገረው?» አለች። ጸሐፊው «ተለጥፏል» አላት። ዘወር ብዬ አየሁ፤ እውነቱን ነው፤ ተለጥፏል። የተለጠፈው ግን ከጸሐፊው ጀርባ፣ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ ያቺ እናት መምጣት እንዳለባት ለማወቅ አስቀድማ መምጣት ነበረባት።

ስለ እድራችንም አንድ ነገር ልናገር። ጎሕ ሳይቀድ ጥሩንባው ይነፋል፤ ለፋፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ጠርቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ «አልሰማሁም» ብሎ ከመቀጫ የሚያመልጥ የለም። መብራት ቢጠፋ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ስልክ ባይሠራ ጥሩንባው አይቀርም። የሞተውን ለመቅበር ያለን የዜና ሥርዐት የታመመውን ለማዳን የለንም። ጸሐፊው ከጀርባው የለጠፈውን ወረቀት ለእድር ለፋፊ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ በአንድ ጧት ይሰማው ነበር።

ከተቃዋሚዎቻችን አንዳንዶቹ ይህ ሁሉ በቴሌግራምና በፌስቡክ አለ ይላሉ። በመጀመሪያ፣ ያቺ እናት ቴሌግራም የላትም። ሁለተኛም፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ይህን የሚሉት ጓደኞቼ ረሱትን? ያን ጊዜ የትኛው መንገድ ክፍት እንደ ሆነ፣ የትኛው ሆስፒታል ክፍል እንደሚሠራ የምንሰማው ከሰው አፍ ነበር፤ የአንዱ አፍ ከሌላው አይገጥምም ነበር። የታመነ ዜና የሌለበትን ቦታ ሐሰት ይይዘዋል፤ እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ሦስተኛም፣ ኢንተርኔቱ በሚሠራበት ጊዜ የመሥሪያ ቤቶቹን ገጽ ተመልከቱ። ስብሰባ ተካሄደ፤ ጉብኝት ተደረገ፤ አቅጣጫ ተቀመጠ። አቅጣጫው ወዴት እንደ ሆነ ግን አይነገርም።

ይህም ነገር አዲስ አይደለም። ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምራ የገዥዎች መቀመጫ የነበረች፣ ነጋሪት ሲጎሰም የኖረባት ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ሰው የተጠራው በዐዋጅ ነበር። ነጋሪቱ የሚናገረው ሕዝቡ የሚያደርገውን እንጂ ለሕዝቡ የሚደረግለትን አይደለም። ይህ ልማድ ከነጋሪቱ ወደ ጽሕፈት መኪና፣ ከጽሕፈት መኪና ወደ ፌስቡክ ሳይለወጥ ተሻገረ። የጋዜጣም ነገር እንዲሁ ነው። በኵር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር ይታተማል፤ ነገር ግን የክልል ጋዜጣ የአንድን ቀበሌ የውሃ ፈረቃ ይጻፍ ማለት አግባብ አይደለም። አዲስ ዘመን የሚባለው ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ይታተማል፤ አዲስ ዘመን የምትባለው ከተማም ከጣራ ገዳም ሥር አለች። ሁለቱ ሞክሼዎች ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን ከስም ማለፉን እጠራጠራለሁ።

መረጃ መጠየቅ መብት ነው የሚሉ የሕግ ተማሪዎችም አሉን። እውነት ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዝዘዋል፤ ስለሚሰጠው አገልግሎትም ሳይጠየቅ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ውድ የሕግ ተማሪዎች፣ ይህን ዐዋጅ ለፈተና አጥንታችኋል። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ አንዱን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቃችሁ ሠላሳውን ቀን ቍጠሩ።

ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ከልቤ የማከብረው አንድ ነው። እርሱም በጉባኤው ላይ ሳይሆን ከጉባኤው በኋላ በጆሮዬ የተነገረኝ ነው። ጊዜው ክፉ ነው፤ በዚህ ጊዜ በግድግዳ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ የተገኘ ተማሪ ከየትኛው ወገን ነህ ይባላል፤ ከአንዱ ቢያመልጥ ከሌላው አያመልጥም አለኝ ጓደኛዬ። ይህን ፍርሀት አልንቅም፤ እኔም አለብኝ። መልሴ ይህ ነው። በወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ቤቱ ተራ፣ የክትባቱ ቀን፣ የመድኑ ጊዜና የእህሉ ዋጋ እንጂ ሌላ ቃል አይገባበትም። ከመለጠፉ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በግልጽ ይታያል፤ የማኅበሩም ስም ከግርጌው ይጻፋል። በሌሊት አንለጥፍም፤ በቀን፣ በገበያ ሰዓት፣ ሰው እያየን ነው የምንለጥፈው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረኛ መድኃኒት ቤት ስም የሚያስፈራው ሰው ካለ፣ እርሱን ማወቁም ለከተማው ጥቅም ነው።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከትምህርታቸው አንድ ዓመት እየወጡ በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ብዙዎቹ አጕረመረሙ፤ ሄዱ ግን፤ አገራቸውንም ያን ጊዜ ዐወቁ። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። የተጠየቅነው አንድ ገጽ ነው። ጠቅላይ ግዛቱም ከበራችን ላይ ነው። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ በዚህ አካባቢ ስላጠኑት ነገር ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ አማርኛ ቢጽፉ ለማዕረጋቸው አይቈጠርላቸውም፤ ይህን ዐውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቃቸው እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደ ገና ይቀርባል። ለናሙና የሚሆነውን የመጀመሪያ ገጽ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አዘጋጅተናል፤ የተረኛ መድኃኒት ቤቶችን ዝርዝር፣ የክትባት ቀኖችን፣ ወደ መተማ ለሚወርድ ሠራተኛ ስለ ካላዛር የተጻፈች አጭር ምክር፣ ከታች ደግሞ ስለ ጠፉ ከብቶች የሚነገርበት ጥቂት ባዶ ቦታ አለው። የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ የሆነ፣ የወረታን የገበያ ዋጋ የሚያመጣ፣ ወይም መሰላል ያለው ሰው ዓርብ ከምሳ በኋላ ማባዣው ካለበት ክፍል ይምጣ። ሙጫውን ከዱቄት እናፈላለን።