የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕጻናት ምግብም የሕክምናው አካል ነው

ልጃቸው በደም ካንሰር መያዙ የተነገራቸው ወላጆች ቀዳሚ ጭንቀት መድኃኒት ነው። ሕጻኑ የሚመገበው ምግብ ግን ከሕክምናው የተለየ የቤት ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይህ አመለካከት ዋጋ ያስከፍላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ካንሰር ከያዛቸው ሕጻናት ከ80 በመቶ በላይ የሚኾኑት ይድናሉ፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው በርካታ ሀገራት ግን ቁጥሩ ከ30 በመቶ በታች ነው። ዘግይቶ ወደ ሕክምና መምጣት፣ የመድኃኒት እጥረት እና ሕክምናን ማቋረጥ በዋና ምክንያትነት ይጠቀሳሉ። የምግብ እጥረት ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል።

የካንሰር መድኃኒት ከታመመው ሕዋስ ጋር ጤነኛውንም ይጎዳል። በምግብ እጥረት የተዳከመ ሰውነት ጉዳቱን የሚጠግንበት አቅም ያንሰዋል፤ ለኢንፌክሽንም በቀላሉ ይጋለጣል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች የመድኃኒቱን መጠን ለመቀነስ ወይም ሕክምናውን ለማዘግየት ይገደዳሉ። መዘግየቱ ለካንሰሩ ዕድል ይሰጣል።

ኾኖም ጉዳቱ ሊቀለበስ የሚችል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓቲማላ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕክምና ሲጀምሩ በምግብ እጥረት ተጎድተው ከነበሩ የደም ካንሰር ሕሙማን ሕጻናት መካከል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ያገገሙት ካላገገሙት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል።

ለዚህም ጉዳቱን ቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በበሽታው ምክንያት ጉበት እና ጣፊያ ሊያብጡ ስለሚችሉ ሚዛን ብቻውን ያታልላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የክንድ ዙሪያ መለኪያ የተሻለ ምልክት ይሰጣል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የበለጠ ትኩረት ይሻል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብ እና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 37 በመቶ የሚኾኑት መቀንጨራቸውን አመላክቷል። ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓመት በላይ የሚወስደው ሕክምና የሚሰጠው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው። ማሳውን ትቶ ከተማ የሚሰነብት አርሶ አደር ለትራንስፖርት እና ለማደሪያ ሲያወጣ ቀድሞ የሚቀንሰው ከምግብ ነው።

ምግብ ካንሰርን አይፈውስም፤ መድኃኒትንም አይተካም። በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ ከጥራጥሬ የተዘጋጀ ገንፎ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መስጠት ግን ሕጻኑ ሕክምናውን እንዲቋቋም ያግዘዋል። የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ጥሬ ሥጋ እና ያልፈላ ወተት ሊሰጠው አይገባም። የሕሙማን ሕጻናትን ሕክምና የሚደግፉ ወገኖችም ከመድኃኒት ወጪ ጎን ለጎን የምግብ ወጪን ሊያስቡበት ይገባል።