ሰገነት ቀለሙና የጓሯችን እንሰት

ስለ ዝርያና ስለ ውርስ የሚመራመር ሊቅ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚሣለው ነጭ ካፖርት የለበሰ የውጭ አገር ወንድ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከንቱ መሆኑን ለመረዳት ከጎጃም ፍኖተ ሰላም የተነሡትን የዶክተር ሰገነት ቀለሙን ሕይወት መመልከት ይበቃል።

ዶክተር ሰገነት የገበሬ ልጅ ናቸው። እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጃገረድ ውሃ ቀድተዋል፣ እንጨት ለቅመዋል፣ አረም ነቅለዋል፣ ገበያ ወጥተዋል። እኩዮቻቸው በወላጅ ምርጫ በልጅነታቸው ሲዳሩ፣ እርሳቸውን ያዳናቸው እንቢተኛነታቸው እንደ ሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። ከአካባቢያቸው ሴቶች ቀድመው አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ገቡ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው እ.ኤ.አ. በ1989 ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

ከ1992 እስከ 2007 በኮሎምቢያ በዓለም አቀፉ የሐሩር አገሮች እርሻ ማእከል ሠርተዋል። ለከብት መኖ የሚሆኑ ተክሎችን የሚያጠቃው ፈንገስ በውርስ ባሕርዩ ስንት ዓይነት እንደ ሆነ፣ የትኛው ተክልስ እንደሚቋቋመው መረመሩ። በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው በናይሮቢ የባዮሳይንስ ማእከል መሩ። በ2013 እዚያው ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ተቋም (ኢሲፔ) የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። በ2014 ደግሞ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት ተሸለሙ።

ታዲያ ይህ ለወላይታ ምኑ ነው? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጀምሮ በየጓሮው እንሰት አለ። ገበሬው እንሰትን እንደ በቆሎ በዘር አይዘራውም፤ ከአምቾው ከሚያቆጠቁጠው ችግኝ ያባዛዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት እንሰት ከየጓሮው ከጠፋ፣ ከጎተራ ወጥቶ የሚተካው ዘር የለም። ወላይታ ለስላሳውንና ቶሎ የሚደርሰውን እንሰት «ሴት»፣ ጠንካራውንና በሽታ የሚችለውን «ወንድ» ይለዋል። ይሁን እንጂ የሁሉንም ጠባይ አብጠርጥራ የምታውቀው እየፋቀች ቆጮ የምታወጣው እናት ናት።

ይህ ዕውቀት ዛሬ አደጋ ላይ ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ ጓሮ አራቁቷል። የታመመውን ተክል የነካ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያስተላልፋል፤ የሚፈውስ መድኃኒትም የለም። ሆኖም ማዝያ የተባለው እንሰት ከሌሎቹ ይበልጥ በሽታውን እንደሚቋቋም ተመራማሪዎች በሙከራ አይተዋል። ማዝያን ግን እነርሱ አልፈጠሩትም፤ ከገበሬ ጓሮ ነው ያገኙት።

የእናቶች ዕውቀት ልማድ እንጂ ሳይንስ አይደለም የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ እናቶቻችን ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ አላዩትም። ነገር ግን የትኛው ተክል ይጸናል? የትኛውስ ይወድቃል? የሚለው የዶክተር ሰገነት ጥያቄ የእነርሱም የዘወትር ጥያቄ ነው። የጓሮውን ዕውቀት ከላቦራቶሪው ጋር ልታገናኝ የምትችለው ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የፋቀችው ልጅ ናት። እርሷን ሳትማር ከዳርናት፣ ላቦራቶሪው ጠያቂ ያጣል፤ የእናቲቱም ዕውቀት ከእርሷ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ስለ እንሰት የሚመራመሩ ሁሉ ችግኝ ከአንዲት እናት ጓሮ ሲወስዱ፣ ፈቃዷ ከሆነ ስሟንና የነገረቻቸውን አብረው ይመዝግቡ። ሁለተኛው ለእኛ ለአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነው። ማይክሮስኮፕ ባይኖረን ቋንቋና ደብተር አለን። በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ፣ በጓሮ ያለውን የእያንዳንዱን እንሰት ስምና ጠባይ ከእናቶቻችን አፍ እንጻፍ። ታናሽ እኅት ያለን ደግሞ የቤቱን ሥራ ተካፍለን ለጥናቷ ጊዜ እንስጣት።