ምስጢሩ የማን ነው?

ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቻችን ነገ ተመርቀን ወንበር የምንይዘው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በዚያም «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጃችን ይገባል። ያ ወረቀት የሰው ነፍስ የጠፋበትን ነገር የሚሸሽግ ቢሆን ምን እናደርጋለን? ይህን ጥያቄ ዛሬ አንሥተን ካልተከራከርንበት፣ ከተመረቅን በኋላ የሚመልስልን የወር ደመወዛችን ነው።

ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የፈጁ አንድ የፉሪ ጎረቤታችን ነገሩን ባነሣሁባቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ የጌታውን ምስጢር ያወጣ አሽከር ነገ ያንተንም ያወጣል» አሉኝ። አነጋገራቸው የሚናቅ አይደለም። ምስጢር የማይጠብቅ መሥሪያ ቤት የበሽተኛውን መዝገብም ሆነ የምስክሩን ስም ሊጠብቅ አይችልም። ነገር ግን ጌታው ማነው? አለቃው ነውን? ወይስ ግብር ከፋዩ ሕዝብ?

የዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻን ነገር እንመልከት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የተገደሉትን ሰዎች ጉዳይ የሚመረምር አጣሪ ኮሚሽን በፓርላማ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸውም ዳኛ ወልደሚካኤል ነበሩ። ኮሚሽኑ ምስክር ሰምቶ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከዐሥሩ ስምንቱ «የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ውሳኔያቸውን እንዲለውጡ ግፊት እንደ ተደረገባቸው ሁለቱ ዳኞች ተናግረዋል። ሁለቱም አገራቸውን ጥለው ወጡ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ዳኛ ወልደሚካኤል 193 ሰዎች መገደላቸውን ለዓለም ገለጡ፤ ይህም መንግሥት ቀድሞ ከተናገረው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በዚያው ወር ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ያንኑ 193 ቁጥር፣ ከ6 ፖሊሶች ጋር፣ ተቀብሎ፣ የተወሰደው ኃይል ግን ከመጠን አላለፈም አለ።

ልብ በሉ! የሟቾቹ ቁጥር አልተካደም። ሊሸሸግ የነበረው የስምንቱ ሰዎች ፍርድ ነው። የዚያ ፍርድ ባለቤት ደግሞ ልጁን የቀበረው ሰው ነው እንጂ፣ ሪፖርቱን ከመሳቢያው የሚቆልፈው ባለሥልጣን አይደለም። ስለዚህ ዳኛው ምስጢር አወጡ ከማለት ይልቅ ዕቃውን ለባለቤቱ መለሱ ማለት ይቀለኛል።

ታዲያ የወጣ ምስጢር ሁሉ እንዲህ ነውን? አይደለም። የምኖርባት ፉሪ አዲስ አበባ ከኦሮሚያ ጋር የምትዋሰንበት ጠርዝ ናት። ይህን ጠርዝ ወደ ገበሬው መሬት ይገፋል ተብሎ በተፈራው ማስተር ፕላን ምክንያት በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ በብዙ ቦታ ትምህርት ተቋርጦ ከረመ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይራዘም ተብሎ ቢጠየቅ ሰሚ ታጣ። ግንቦት 22 ቀን፣ ፈተናው በሚጀመርበት ዕለት፣ ወረቀቱ በፌስቡክ ላይ ተገኘ፤ ፈተናውም ተሰርዞ ሌላ ቀን ተቀጠረለት።

ጥያቄያቸው የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ይህን የሚክድ ተማሪ ካለ፣ እስቲ እርሱም ባልተማረው መጽሐፍ ይፈተን! ሆኖም የፈተና ምስጢር የማንም በደል መሸሸጊያ አይደለም፤ የተፈታኙ ንብረት ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስም ራሱ ይገለጣል። በደብረ ታቦር ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ልጅ ምን በደለ? መንገዱን ለማጽደቅ ይቸግረኛል፤ የመጀመሪያው ጥፋት ግን አቤቱታውን ካልሰሙት ዘንድ ነው።

እኔ በበኩሌ ምስጢር የሚያወጣ ሰው የምስክሮቹን ስም ሸሽጎ የራሱን ስም ቢገልጥ እመርጣለሁ። በቴሌግራም ስም የለሽ ሰው የሚበትነው፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሁሉ እውነት ይሁን ሐሰት በምን ይታወቃል? ይህ ጭካኔ ያለበት ምርጫ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ዳኞቹ ስማቸውን ገልጠው አገራቸውን አጥተዋልና።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የመሥሪያ ቤት ምስጢር ያወጣውን ሠራተኛ ይቀጣል። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለወንጀል ጠቋሚና ለምስክር ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው ግን ከወንጀል ምርመራና ከፍርድ ቤት ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። መርማሪው ራሱ ሸሻጊ ሲሆንስ ሠራተኛው አቤት የሚለው ለማን ነው? የሕግ መምህራኖቻችን በሚቀጥለው እትም መልስ ቢጽፉልን፣ የተማሪዎች ማኅበራችንም አንድ ማታ የክርክር ጉባኤ ቢያዘጋጅበት፣ የመዝገብ ቤቱን ጎረቤቴን ይዤ እመጣለሁ።