ፖሊሽ ማለት መፋቅ ነው

መኪና የለኝም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ሳትጨርሱ «ቲቸር፣ አንተ በአውቶቡስ እየተጋፋህ ስለ ስፖርት መኪና ቀለም ምን አገባህ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ጠዋት ተሰልፌ፣ ማታ ተጋፍቼ ነው የምኖረው። ግን ባለፈው እሁድ በአንዲት ቀይ ማስታንግ ምክንያት ሽማግሌ ተብዬ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዛሬ ልተንፍሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ ላቫጆ ውስጥ ይሠራል። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ በወረቀት ሳይሆን በእጁ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽብኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነበር። የመግቢያ ፈተና አልመጣለትም፤ ቤተሰቡም የሚጠብቀው ብር ስለነበር ባልዲና ጨርቅ ያዘ። ሥራውን ሲያየው የላቫጆው ባለቤት ማሽን ሰጠውና «ከዛሬ ጀምሮ ፖሊሽ ያንተ ነው» አለው። ሥልጠናው ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማስታንጓ መጣች። በማግስቱ ሙሽራ ልትይዝ ነው። ባለመኪናው «በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ መስታወት ትምሰልልኝ» ይላል። ጥላ የለም፣ ኮፈኑ እጅ ያቃጥላል። የላቫጆው ባለቤት ከኋላ «ቶሎ በል!» ይላል። ልጁም ቶሎ አለ። ኮፈኑ ላይ ከፍ ብላ የወጣችውን መስመር ማሽኑ ሲያልፍባት ቀዩ ቀለም ሄደና ከሥሩ ግራጫው ብቅ አለ። የጣት ርዝመት ታህላለች። በቀይ መኪና ላይ ግን የጣት ርዝመት ግራጫ ከሩቅ ትጣራለች።

በሳምንቱ «ቲቸር፣ ድረስልኝ» ብሎ ደወለ። ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ባለመኪና፣ አንድ ባለ ላቫጆ፣ አንድ አንገቱን የደፋ ልጅ። ባለመኪናው እንዲህ አለ፦ «እኔ ፖሊሽ አድርግ ነው ያልኩት እንጂ ቀለሙን ፋቀው መች አልኩ?»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅኩ፣ የፊዚክስ አስተማሪው! በመጨረሻ ልጁ የማስቀቢያውን ሙሉ ወጪ እንዲከፍል፣ ለዚህም ከወር ደመወዙ እኩሌታው ለአምስት ወር እንዲቆረጥ ተስማማን። ወረቀት ተጻፈ። በምስክርነት ፈረምኩ። ቡና ተጠጣ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የነቃሁት። ሰውየው ያለው ነገር እኮ ስህተት ነው። ፖሊሽ አድርግ ማለት ቀለሙን ፋቀው ማለት ነው! ሌላ ትርጉም የለውም።

ያሳሳተን ጫማ ይመስለኛል። ሊስትሮ ጋ ስንቀመጥ ልጁ ሰም ያለበትን ቀለም ይቀባል፣ ያሻል፣ ጫማው ያበራል። በየቀኑ ብታስጠርገው ጫማህ አይሳሳም፤ እንዲያውም ይጠበቃል። ስለዚህ «ፖሊሽ» የሚለው ቃል ጆሯችን ውስጥ የገባው የሚቀባ፣ የሚጨመር ነገር ሆኖ ነው። የመኪና ፖሊሽ ግን ተቃራኒው ነው። ያ ነጭ ወይም ግራጫ ክሬም ውስጥ በጣም የደቀቀ ጠጣር ዱቄት አለ፤ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚጣበቀውም የእሱ ዘመድ ነው። ፖሊሽ በክሬም ተለውሶ የቀረበ የብርጭቆ ወረቀት ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም።

አሁን ወደ ክፍል እንመለስ። የዛሬ መኪኖች ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከብረቱ ላይ ፕራይመር፣ ከእሱ ላይ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን አለ፤ ባለሙያዎቹ ክሊር ይሉታል። ሦስቱም ተደምረው ከፋብሪካ ሲወጡ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ናቸው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለ1,000 ሲካፈል ነው። የራስ ጸጉራችሁ አንዷ ዘለላ ወደ 70 ማይክሮን ትጠጋለች። ስለዚህ ያ ሁሉ የምትኮሩበት ማብረቅረቅ ከአንዲት ጸጉር በቀጠነች ነገር ላይ የቆመ ነው። ጠንከር ያለ ፖሊሽ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከዚያች ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። የወሰደው አይመለስም፤ ክሊር እንደ ቆዳ አያገግም፣ እንደ ሣር አያቆጠቁጥ።

«ታዲያ ለምን ያበራል?» በሉኝ። የብርሃን ነጸብራቅን አስታውሱ። ገጹ ለስላሳ ከሆነ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ መልካችሁን ታያላችሁ። ገጹ ከተጫጫረ ብርሃኑ ይበታተናል፤ መኪናው የደበዘዘ ይመስላል። ጭረቱን ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዙሪያውን ያለውን ጋራ ቆርጦ ከሸለቆው ጋር ማስተካከል ነው፤ ይሄ ፖሊሽ ነው። ሁለተኛው ሸለቆውን በሰም ሞላ አድርጎ ከላይ መሸፈን ነው፤ ይሄ ዋክስ ነው። ፖሊሽ ይቀንሳል፣ ዋክስ ይጨምራል። ፖሊሽ ሕክምና ነው፣ ዋክስ ልብስ ነው። ጤነኛ ሰው በየበዓሉ ቀዶ ሕክምና አይገባም፤ እኛ ግን ለእንቁጣጣሽ ፖሊሽ፣ ለገና ፖሊሽ፣ ለፋሲካ ፖሊሽ፣ ለሰርግ ፖሊሽ!

ሰሙን አውልቃችሁ ወርቁን ፈልጉ ብዬ አስተምሬ አላውቅም፣ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሁምና። እዚህ ላይ ግን ሰሙን አትናቁት እላለሁ። ጥሩ የመኪና ሰም የሚሠራው ብዙ ጊዜ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ነው፤ ካርናውባ ይባላል። የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። የንባችን ሰም ግን 62 እና 64 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በጠራራ ፀሐይ የቆመ ኮፈን ምን ያህል እንደሚግል እጃችሁን አስቀምጣችሁ የምታውቁት ነው። የጧፍ ሰም ብቻውን እዚያ ላይ ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል፤ ካርናውባው ይቆማል። ቆሞም ውኃውን ያንከባልላል፣ አቧራውን ያቀላል። ግን እሱም ያልቃል፤ በየሁለትና ሦስት ወሩ መደገም አለበት። ቢደገም ምንም አይጎዳም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክሊሩ ውስጥ ይህንን ጨረር የሚያስቀር ኬሚካል አለ፤ የመኪናው የፀሐይ ክሬም በሉት። እኛ ፀሐዩ በሚበረታበት ከተማ እየኖርን የፀሐይ ክሬሙን በማሽን እንፍቃለን። ከዚያ ጣሪያው ላይ ቆዳው ሲላጥ «ቀለሙ ኦርጅናል አይደለም» እንላለን። ኦርጅናል ነበር፤ እኛ ነን የጨረስነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

መጀመሪያ ባለመኪናዎች። «ስንት ነው? ቶሎ ይደርሳል?» ከሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ውጪ ሌላ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኑ ምን ዓይነት ነው? በቦታው ብቻ የሚሽከረከር ነው ወይስ እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህ የሚል? የመጀመሪያው ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ይከምራል፤ ላልሠለጠነ እጅ አደገኛ ነው። ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይቅር ባይ ነው። መኪናው ከዚህ በፊት ስንቴ ፖሊሽ ሆኗል? የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ አለ ወይ? በዚያ ላይ ያን ሁሉ ጭረት ያመጣው ማነው? በደረቅ ጨርቅ አቧራውን «ጠረግ ጠረግ» የምታስደርጉት እናንተ ናችሁ። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከክሊሩ እጅግ ይጠነክራል። በልብስ ዱቄት ሳሙና ታሳጥባላችሁ፤ ያለችውን ሰም ሙልጭ አድርጎ ይወስዳታል። ከዚያ ፖሊሽ! ራሳችሁ ያቆሰላችሁትን እያስቆረጣችሁ ነው።

ሁለተኛ የመኪና ደላሎች። ለሽያጭ ዋዜማ ማሽን አስይዞ፣ ዘይት ያለው ነገር ቀብቶ «ዜሮ ዜሮ» ማለት ምን ይባላል? ገዢው ሁለት ክረምት ሳያልፈው ቀለሙ ይላጥበታል። ወንድሜ፣ የሸጥከው ማብረቅረቅ ከገዢው ዕድሜ ላይ የተቆረጠ ነው።

ሦስተኛ የላቫጆ ባለቤቶች። እናንተ ላይ ነው የምበረታው። ለመኪና ማሽን ስትገዙ ብር አወጣችሁ፤ ማሽኑን ለሚይዘው እጅ ግን አንድ ቀን ሥልጠና አልከፈላችሁም። ሲሳካ ትርፉ የእናንተ፣ ሲቃጠል ዕዳው የልጁ። ጥላ ያልሠራው ማነው? ሁለት ሰዓት ብሎ ቃል የገባው ማነው? «ቶሎ በል» ያለው ማነው? ታዲያ ለምን ልጁ ብቻ ይከፍላል?

አራተኛ እኛ አስተማሪዎች፣ ማለትም እኔ። ለዚያ ልጅ ሰበቃን አስተምሬዋለሁ። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሰበቃ ሙቀት ያመነጫል ብዬ፣ ፈተና ላይ ጠይቄ፣ መልሶልኛል። ጠርዝ ላይ ግን ማሽኑ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ እንደሚበረታ፣ ቀለሙም ጠርዝ ላይ ስስ እንደሆነ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚቃጠለው እዚያ እንደሆነ አላስተማርኩትም። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው ብዬ አለፍኩ። ያቺ ቀመር አንድ ቀን የልጁን ደመወዝ እንደምትወስን አልታየኝም። «ያልመጣላቸው» የምንላቸው ልጆች ከማንም በላይ ፊዚክስ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ እነሱ ፊዚክሱን በእጃቸው ነው የሚነኩት።

«ይሄ የሀብታም ችግር ነው፣ ሰው የሚበላው አጥቶ» የሚል አይጠፋም። በሁለት ምክንያት አልስማማም። አንደኛ፣ የማስታንጓም የሚኒባሷም ክሊር ያው ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት ለረጅም ዓመት አብረውን የሚያረጁ ናቸው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ሞተሩ ነው የተለየ እንጂ ቀለሙ አልተለየም። ሁለተኛ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጎዳው ሀብታሙ አይደለም። የእሱ ኮፈን ይቀባል። ደመወዙ እኩል የተቆረጠበት ባልዲ ተሸካሚው ነው።

ፖሊሽ ይጥፋ አላልኩም። የተጫጫረ መኪና ሕክምና ያስፈልገዋል። ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በብዙ ውኃ አቧራውን ማስለቀቅ፣ ከዚያ ለመኪና በተሠራ ሻምፖ ማጠብ። ጥላ ሥር ማቆም፣ ብረቱ እስኪበርድ መጠበቅ። ጠርዞቹንና ከፍ ያሉትን መስመሮች በወረቀት ፕላስተር መሸፈን። መጀመሪያ የመዳፍ ስፋት ባላት ቦታ ላይ፣ ካለው ሁሉ በለሰለሰው ክሬም መሞከር፤ እሱ ከበቃ ወደ ጠንካራው አለመሄድ። ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ አለማቆም፣ በየመሐሉ በእጅ ሙቀቱን መዳሰስ። በመጨረሻ ሰም ማልበስ። ይሄ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው። በሁለት ሰዓት እሠራዋለሁ የሚላችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል፣ ወይ እንደ ልጁ ተገድዶ ነው።

አሁን ወደ ፊርማዬ። ሕግ የተማረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጉዳዩን ስነግረው ሳቀና «ቲቸር፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አላየህም እንዴ?» አለኝ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 59። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እኛ ሦስት የተከበርን ሽማግሌዎች ግን እኩሌታውን ቆረጥን። ልጁ ፈርሟል፤ እኔን አይቶ ነው የፈረመው። አስተማሪዬ ከፈረመ ትክክል ነው ብሎ።

ስለዚህ በመጪው እሁድ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሁለቱን ሽማግሌዎች አነጋግሬያለሁ፤ አንዱ እሺ ብሏል፣ አንዱ «የታረቀ ነገር አይቆፈርም» ብሏል። እኔ ግን እቆፍራለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ወረቀቱ እንደ ሕጉ ይስተካከል፣ ወጪውም ለሦስት ይካፈል። ባለመኪናው ለጥድፊያው፣ ባለ ላቫጆው ላላሠለጠነው፣ ልጁ ለእጁ። እምቢ ካሉ ቢያንስ የእኔ ፊርማ ከወረቀቱ ላይ ይነሳ።

ላቫጆና ጋራዥ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ማሽን ሲሰጣችሁ «አሳዩኝ» በሉ። ብረቱ ከጋለ «ይብረድ» በሉ። ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን ጭረትና የሳሳ ቦታ ለባለመኪናው አሳይታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ደውሉልኝ፤ ቀመሩን እኔ አውቀዋለሁ፣ ማሽኑን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ባለመኪናዎች ደግሞ በሚቀጥለው በዓል ላቫጆ ስትገቡ «ፖሊሽ» ከማለታችሁ በፊት አንዴ አስቡ። ምናልባት የፈለጋችሁት ሰም ነው።